የመጨረሻው ሚዛን ጠጋኝ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለወንድሜ ለጩጬ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ለወሬ የሚበቃ አይደለም። ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፣ እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክልህ።

ጢም ካወጣህ ሃያ ዓመት አልፎህ ጩጬ ማለቴ አይክፋህ። ታላቅ እኅትነት ደሞዝ የለውም፤ ያለው ጥቅም ይሄ ብቻ ነው። ያልደወልኩልህ ደግሞ በስልክ ስንጀምር ሁለታችንም እየጮህን ስለምንዘጋው ነው። አባባም ደንበኛ «ሚዛኔ ዋሸኝ» ብሎ ሲመጣበት «ጽፈህ አምጣ» ነበር የሚለው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። መታሰቢያ ድረ ገጽ እንደሠራህለት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነግሮኛል፤ የኔ ስልክ መደወልና መቀበል እንጂ ሌላ ስለማያውቅ እኔ አላየሁትም ነበር። ባለፈው ሳምንት የመድኃኒት መጋዘኑ አዲስ ኃላፊ ሱቁ ድረስ መጣ። መጋዘኑን ታውቀዋለህ፤ ሃያ ስድስቱን ሚዛን በየዓመቱ የምናስተካክልላቸው እኛ ነን፤ እነሱ ባይኖሩ ሱቁ አንድ ወር አያድርም። ሰውዬው በሩ ላይ ቆመና እኔን አየ፣ ስልኩን አየ፣ መልሶ እኔን አየ።

«ይቅርታ እናቴ፣ ይሄ ቤት ተዘግቷል አይደል እንዴ?»

«ታዲያ አሁን ማን ነው የሚያናግርዎት?» አልኩት፣ መፍቻውን እንደያዝኩ።

ስልኩን ሰጠኝ። አባባ አለ፣ ትልቁን የእህል ሚዛን ተደግፎ፣ ያ በደህና ጊዜው የተነሣው ፎቶ። ከበላዩ «የመጨረሻው ሚዛን ጠጋኝ» ይላል። ወረድ ሲል ደግሞ «ሙያው ከእሱ ጋር አበቃ፤ ሱቁም ተዘጋ»።

እኔማ ሳቄ መጣ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እጁ እየተንቀጠቀጠ አንዲት ብሎን ማጥበቅ ሲያቅተው የሠራሁት እኔ ነኝ። እሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ «ወደ ግራ፣ ኧረ ወደ ግራ! ግራሽ የት ሄደ?» እያለ ይሳደባል፣ እኔ እሠራለሁ። በቁሜ ቀብረኸኝ ሳለ እኔ ለካ የመጋዘኑን ሚዛን አስተካክላለሁ!

ሳታውቅ እንደጻፍከው ይገባኛል። ግን ኃላፊው እንዲህ አለኝ፦ «አለቆቼ ውሉን ሲያድሱ የሚያዩት እርስዎን ሳይሆን ስልካቸውን ነው። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይስተካከል፤ ካልሆነ ተዘግቷል ለተባለ ቤት ሥራ ሰጠህ ተብዬ እጠየቃለሁ።» እንግዲህ የምለምንህ አንዲት መስመር ናት፦ ሱቁ ክፍት ነው፣ ልጁ ትሠራለች። በቃ። እግረ መንገድህንም ድረ ገጽ የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚነካው አስረዳኝ።

ጤና ሁን፣ በደንብ ብላ፤ ያለፈው ፎቶህ ላይ ከስተሃል።

ታላቅ እኅትህ

ኅዳር 2

ይድረስ ለእትዬ፣ ለቤታችን ምሰሶ፣

ከናፍቆት ጋር ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጉልበትሽን ፈጣሪ ያጽናልሽ። እኔ ሥራ ብቻ ነው፤ ቀኑ መቼ ነግቶ መቼ እንደሚመሽ አላውቅም።

ሱቁን መዝጋቴን ይቅር በይኝ፤ እንዲሁ ለታሪኩ እንዲያምር ያልኩት ነው። በዚህ ሳምንት አስተካክለዋለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ድረ ገጽ የሆነ ቦታ የተለጠፈ ወረቀት እንዳይመስልሽ። ሰርቨር የሚባል ቀን ከሌት የማይጠፋ ኮምፒዩተር አለ፤ እኔ የጻፍኩት እዚያ ተቀምጧል። ሰውዬው ስልኩ ላይ አድራሻውን ሲጽፍ ስልኩ ለሰርቨሩ «እስቲ ያንን ገጽ ስጠኝ» ብሎ ይልክበታል፤ ሰርቨሩም ግልባጭ ይልክለታል። ሺህ ሰው ቢጠራው ሺህ ግልባጭ ይሄዳል፣ ዋናው ከቦታው አይነቃነቅም።

የሚላከው ደግሞ ያለቀለት ገጽ ሳይሆን ትእዛዙ ነው። ይሄን አግዝፈህ ጻፈው፣ ይሄን አንቀጽ አድርገው፣ እዚህ ጋ ፎቶ አለ ከዚያኛው ቦታ ሄደህ አምጣው፣ ይሄን ቃል የነካ ሰው ወደዚያኛው ገጽ ይሂድ። ስልኩ ውስጥ ብሮውዘር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ትእዛዙን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ዓይንሽ ሥር ይገጣጥመዋል። ልክ ተፈትቶ ከነመመሪያው እንደሚመጣ አልጋ ነው፤ ቤትሽ ሲደርስ ነው አልጋ የሚሆነው።

ሰዉ ሥራችንን ድግምት ያደርገዋል እንጂ ምንም የተደበቀ ነገር የለውም። በኮምፒዩተር ማንኛውንም ገጽ ከፍተሽ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ብትጫኚ ምንጩን አሳይ የሚል ይመጣል፤ እኔ የጻፍኩትን ፊደል በፊደል ታይዋለሽ። እንደኛ ግልጽ ሙያ የለም።

ገጹን ሰዉ በጣም ወደደው፣ እትዬ። መሥሪያ ቤቴ አይተውት ነው ቋሚ ያደረጉኝ። አለቃዬ ስብሰባ ላይ አንብቦት ዕንባው መጣ፤ «የመጨረሻው ሰው» እያለ አሁንም ይደጋግመዋል። አባባ ክብደት የሚመዘግብበት ያ ጥቁር ደብተር ካለ ላኪልኝ፤ ገጾቹን አንስቼ አስገባቸዋለሁ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 1

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። የአልጋው ነገር ገብቶኛል፤ ሰርቨሩ ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። ማዳም ኮፒ ዘንድ ሄድኩ። እሷን አታውቃትም፤ አባባ ካረፈ ወዲህ ከኛ በር ሁለት ሱቅ አልፎ የፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተች ሴትዮ ናት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትውል። አድራሻውን ጻፈችልኝ። አባባ መጣ። ሱቁም እንደተዘጋ መጣ።

«ሳምንቱ አላለቀም ይሆናላ» አለችኝ። ደብዳቤህ ከተጻፈ ወሩ ሊሞላ ነው፤ ያንተ አገር ሳምንት ስንት ቀን አለው?

ደብተሩን ልኬልሃለሁ። ዋናውን ነው የላክሁት፤ ፎቶዎቹንም አባባ እንዳረፈ ሁሉንም ዋናዎቹን እንደላክሁልህ። ማዳም ኮፒ «ቅጂ አስቀሪ እንጂ፣ በነጻ አነሳልሻለሁ» ብላኝ ነበር። በኛ ሙያ ግን ለምርመራ የሚላከው ዋናው የክብደት ድንጋይ ነው፤ ግልባጭ የላከ ሰው እንደ አጭበርባሪ ይታያል። አባባ ሲያስተምረኝ እጄን በመፍቻ እየመታ ያስተማረኝ ይሄንን ነው። ፎቶዎቹን ከጨረስክ ግን መልስልኝ፤ ግድግዳው ባዶ ሆኗል።

መጋዘኑ ቀን እየቆጠረ ነው። ኃላፊው ደህና ሰው ነው፤ ትናንት እንኳ በመኪናው ሲያልፍ ቆም ብሎ «ምነው እናቴ፣ አልተስተካከለም እኮ» አለኝ። «ወንድሜ ባለሙያ ነው፣ ዛሬ ነገ ይጨርሰዋል» አልኩት። ኮርቼ ነው ያልኩት።

እኅትህ

ታኅሣሥ 23

ይድረስ ለእትዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብተሩ ደርሶኛል፤ እጅሽ ይባረክ። የአባባን ጽሕፈት ሳይ አለቀስኩ።

ገጹን አስተካክዬዋለሁ። አንቺ የምታይው የቆየውን ግልባጭ ነው። ስልክም ኮምፒዩተርም አንዴ ያመጡትን ገጽ ጊዜ ለመቆጠብ እጃቸው ላይ ያስቀምጡታል፤ ደግመሽ ስትጠሪው ሰርቨሩ ድረስ ሳይሄዱ ያንኑ አሮጌውን ያሳዩሻል። ለኃላፊው የተጠራቀመውን ያጥፋና እንደገና ይጥራው በይው። ካልሆነም ትንሽ ቀን መታገሥ ነው።

የወረቀት ፎቶዎቹ ቤት ስቀይር ከነፖስታው ጠፍተዋል። አትደንግጪ፣ ሁሉም ገጹ ላይ አሉ፤ እንዲያውም ከግድግዳሽ ይልቅ እዚያ ይሻላቸዋል።

የአባባን ድምፅ በካሴት ቀድተሽው ነበር አይደል? ብትልኪልኝ ገጹን የከፈተ ሰው ሲናገር ይሰማዋል።

ወንድምሽ

ጥር 14

ለወንድሜ፣

አመንኩህ። ልጻፈው እንዲመዘገብ፦ አመንኩህ።

የመጋዘኑ ቢሮ ሄድኩ። የጫማዬን ጭቃ በር ላይ ጠርጌ ገባሁ፣ ኃላፊውን «ስልክዎ አሮጌውን ግልባጭ ይዞ ነው፤ የተጠራቀመውን ያጥፉት» አልኩት። እንዳንተ አድርጌ ነው ያስረዳሁት፤ ሰርቨሩን፣ ጥሪውን፣ ሁሉንም። አጠፋ። ጠራው። ተዘግቷል። ጸሐፊዋን ጠርቶ በእሷ ስልክ አስከፈተ፤ ተዘግቷል። ገጹን በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ ዘበኛ ከታች አስመጣና በሱ ስልክ አስከፈተ። ዘበኛው ጮክ ብሎ አነበበልን፦ «ሙያው ከእሱ ጋር አበቃ።» ከዚያ ቀና ብሎ «ነፍስ ይማር» አለኝ፣ ምስኪን።

ኃላፊው አላፌዘብኝም። ቢያፌዝ ይሻለኝ ነበር። «እናቴ፣ ወንድምዎ ምን አለ?» አለኝ በቀስታ፤ እኔም እንደ ሌባ መሬት መሬት አየሁ።

ውሉ ለሌላ ተሰጥቷል። የሱቁ ባለቤትም ኪራዩን እንደማልችል ስላየ እስከ መጋቢት አጋማሽ እንድለቅለት ነግሮኛል፤ የስልክ ሽፋን የሚሸጥበት ሰው ተገኝቷል።

ቁርጡን ንገረኝ። አልቻልክበት እንደሆነ አልቻልኩም በል፤ አባባም የማይችለውን ሚዛን «ወደ ሌላ ውሰደው» ይል ነበር፣ ነውር አይደለም። የቸገረኝ የምታውቀውን አለማወቄ ነው።

ካሴቱን አልላክሁም። እጄ አልታዘዝ አለኝ።

እኅትህ

መጋቢት 3

ለጩጬ፣

ለጥር ደብዳቤዬ መልስ አልሰጠህም። ዝም አይነቅዝም ብለህ ይሆናል። ስለዚህ እኔው ደግሜ ጻፍኩ፤ ጤናህን እንዳልጠየቅሁህ አስተውል።

ዛሬ ሚዛኖቹን በሣጥን ስከት አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሥራዬን ጥዬ ማዳም ኮፒ ዘንድ ሄድኩ። «ምንጩን አሳይ የሚል አለ አሉ፤ ክፈችልኝ» አልኳት። ከፈተችው። ጉድ ነው! የቀስት ጫፍ የሚመስል ምልክት በየመስመሩ። ከቀስቶቹ መሃል ያንተ አማርኛ ብቅ ይላል፣ መልሶ ይጠፋል። ጣቴን እስክሪኑ ላይ እያሄድኩ እንደ ተማሪ አነበብኩ። አባባ የተወለደበት፣ ሱቁን የከፈተበት፣ ሁሉም አለ።

ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቀስትና ቃለ አጋኖ፣ ቀጥሎም ሁለት ሰረዝ። ውስጡ የተጻፈውን ልገልብጥልህ፤ ዋናው አንተ ጋ ነው፦

«ሙያውን ዛሬም ታላቅ እኅቴ ይዛዋለች። የአባቴ እጅ ከከዳው በኋላ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው እሷ ናት። ሱቁ ክፍት ነው።»

ከሥሩ ደግሞ፦ «ይሄ ‹የመጨረሻው› ያልነውን ያፈርስብናል። እንዳይታይ።»

«ማዳም፣ ይሄ መስመር ከፊት ለፊት ለምን የለም?» አልኳት። መነጽሯን አደረገች። ድሮ ኮርስ ወስዳለች፤ የፎቶ ኮፒ ሴትዮ ብቻ ናት ብለህ እንዳትንቃት። «በነዚህ ምልክቶች መሃል የገባውን ብሮውዘሩ አያነበውም፤ ያልፈዋል» አለችኝ። «ሠሪዎቹ ለራሳቸው ማስታወሻ የሚጽፉበት ነው። ገጹ ውስጥ አለ፣ ከግልባጩም ጋር አብሮ ይላካል፤ ለሰው ግን አይታይም።» እታች ወርዳ ቀኑንም አሳየችኝ፦ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካው ሰኔ ውስጥ ነው። እኔ ገና ሳልጽፍልህ በፊት። አስተካክዬዋለሁ ካልክ በኋላም በፊትም እጅህ አልነካውም።

ወንድሜ ሳያውቅ ነው ስል ነበር። ታውቃለህ! ከማንም በላይ አሳምረህ ጽፈኸዋል። ዘጠኝ ዓመት፣ ብለህ ቁጥሩን እንኳ አልሳትክም። ከዚያ ሁለት ሰረዝ አደረግህበት።

አመድ አፋሽ ነኝ፤ እሱን ለምጄዋለሁ። አባባም አንድ ቀን ጎበዝ አላለኝም። እሱ ግን ጉልበቴን ይዤ ስነሣ በርጩማውን ወደኔ ይገፋልኝ ነበር።

ማዳም ኮፒ ገጹን አትሜ ልስጥሽ ወይ አለችኝ። ቀለሟ አልቆ ስለነበር አዲስ ስትገዛ ተባባልን።

አሁንም የምጠይቅህ ያችኑ አንዷን መስመር ነው። መጋዘኑ ሄዷል፣ ሱቁም ይሄዳል። ወርቅ ሠሪዎቹና እህል ነጋዴው ግን የት እንዳለሁ ካወቁ ቤቴም ይመጣሉ። ሁለቱን ሰረዝ አንሣልኝ።

እኅትህ

መጋቢት 5

እትዬ፣

ፖስታ እስኪደርስ እንዳይመሽብኝ ይሄንን በማዳም ኮፒሽ ኢሜይል ልኬዋለሁ፤ ትተምልሽ። የአንቺንም ደብዳቤ እሷ ናት አንስታ የላከችልኝ።

ምን ልበልሽ? አዎ፣ ጻፍኩት፣ ከዚያ ደበቅሁት። አለቃዬ ገጹ ገና ሳይወጣ ሲያነበው «የመጨረሻው» የሚለው ላይ ቆመ። «ልጅቷ ከሠራች ምኑ ነው የመጨረሻው? ይሄ ታሪክ ሳይሆን የሱቅ ማስታወቂያ ነው» አለኝ። ስድስት ዓመት ኮንትራት ላይ ነበርኩ። አንድ አንቀጽ ነበር፣ እትዬ። አንድ አንቀጽ ነው የጠየቀኝ። ከዚያ ገጹ ተሸለመ፣ በየስብሰባው ታየ፣ እኔም የመጨረሻው ሚዛን ጠጋኝ ልጅ ሆንኩ። ማንም ሰው እዚህ ከዚያ በፊት ምንም ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። አሁን ሰረዙን ባነሣ ዋሽተህ ነበር ይሉኛል።

አንቺ ሁሌ ተበዳይ ነሽ። አባባ ለአንቺ ነበር፣ ሲሳደብም ሲያስተምርም፣ ሲሞትም። እኔ በስልክ ነው የቀበርኩት። ያለኝ ያ ገጽ ብቻ ነበር፤ እሱንም ምንጩ ድረስ ገብተሽ በረበርሽው።

እንግዲህ ይብቃን። ዛሬ ጠዋት ገጹን አንስቼዋለሁ። ጽሑፉንም ፎቶዎቹንም ልጨምረው ያነሣሁትን ደብተርም፤ ሰርቨሩም ኮምፒዩተሬም ላይ ምንም አላስቀረሁም፣ ማየትም አልቻልኩም። ሱቁ ተዘግቷል የሚል ከእንግዲህ የለም። የፈለግሽው ይሄው ነው፤ ደስ ይበልሽ።

ወንድምሽ

መጋቢት 16

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህን ማዳም ኮፒ አትማ ሰጠችኝ። አዲስ ቀለም ገዝታ ነበር፣ የአባባን ገጽ ልታትምልኝ። መጀመሪያ የወጣው ያንተ ደብዳቤ ሆነ።

አላመንኩም፣ አድራሻውን ራሴ በአንድ ጣት ጻፍኩት። «የጠየቁት ገጽ አልተገኘም» አለኝ። አሮጌውን ግልባጭ ይዘሽ እንደሆነ ፈልጊ አልኳት፤ አንተ ያስተማርከኝን። ፈለገች። ሽንፈት አትወድም፣ ግማሽ ቀን ፈለገች። ጽሑፉ ከፊሉ ተገኘ፤ ፎቶዎቹ ቦታቸው ላይ ባዶ ሣጥን ብቻ ነው። ፎቶው ከሌላ ቦታ ነው የሚጠራው ብለኸኝ አልነበር?

ሱቁን ትናንት አስረክቤአለሁ። ሚዛኖቹ ሳሎን ውስጥ ናቸው፤ አልጋዬ ድረስ ለመሄድ በጎን ነው የማልፈው። ዛሬ ጠዋት አንድ ወርቅ ሠሪ እያጠያየቀ መጣ፤ ሠራሁለት። እንጀራዬ እንደምንም ይወጣል፣ ስለሱ አታስብ፣ አስበህም አታውቅም።

አንዲት መስመር ነበር የለመንኩህ። እኔን ከመጻፍ አባባን መደምሰስ ቀለለህ። ይሄንን አምስት ወር ብትሰጠኝ አላስበውም ነበር፤ አንተ በአንድ ጠዋት ጨረስከው። የኔን ስም ብታወጣው አባባ ያንስ ነበር? ስንት ግራም ይጎድልበት ነበር?

በስልክ ቀበርኩት አልክ። እውነት ነው፣ አዝንልሃለሁም፤ ያኔም አዝኜልሃለሁ፣ ስልኩን በአባባ ጆሮ ላይ የያዝኩልህ እኔ ነበርኩ። አሁን ግን ሁለተኛ ቀበርከው፣ በዚህኛው ማንም አልጠራህም፣ ማንም አላስገደደህም።

ማዳም ኮፒ ከሥራ ስትወጣ ቤት መጣች። ሚዛኖቹን በጎን እያለፈች ገባችና «አባትሽ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ? ያን ቀን ገጹ ላይ በደንብ አላየኋቸውም» አለችኝ። ላሳያት ብድግ አልኩ። ግድግዳው ጋ ደረስኩ፣ መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ከዚያ ምን እንደምፈልግ ጠፍቶኝ ቆምኩ። የማሳያት የለኝም። ግንባሩ ሰፊ ነበር አልኳት።

እንግዲህ ፊቱ የቀረው በአንተና በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ነው። እኔና አንተ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አንተያይም።

ደህና ሁን።